የፈረንሳይን ገጠር በእግር፦ የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

ፈረንሳይ ሲባል ብዙዎቻችን ፓሪስ ላይ እንቀራለን። አይፍል ማማ፣ ሉቭር፣ ትንሽ ሾፒንግ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ገጠሩን በእግሬ ልየው ብሎ የተነሳ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ምርጫው ይበዛበታል። በአገሪቱ ምልክት የተደረገባቸው የእግር መንገዶች ሲደመሩ 180 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ። ስለየትኛውም ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ "በጣም ያምራል።" እውነት ነው፣ ያምራል። ሁሉም ካማረ ግን በውበት መምረጥ አይቻልም።

በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ማታ የት ታድራላችሁ? መጨረሻ ላይስ በምን ትመለሳላችሁ? የፈረንሳይ ገጠር መኪና ለሌለው ሰው አይመችም። መንደሩ ድንቅ ይሆንና ባቡር የለውም፤ አውቶቡሱም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። እነዚህን ሁለቱን ሳይመልስ መንገድ የመረጠ ሰው የመጨረሻ ቀኑን በታክሲ ፍለጋ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የየትኛው ዘመን ታሪክ እንደሚማርካችሁ ማሰብ ነው። የዋሻ ሥዕል የሚወድና የግንብ ፍርስራሽ የሚወድ በአንድ መንገድ አይስማሙም።

የማወዳድራቸው መንገዶች ሁሉም በአገሪቱ ደቡባዊ ግማሽ ያሉ ናቸው። በሰሜን ምዕራብ ያለችውን ብሪታኒን የተውኩት ሌላ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ነው፤ የባሕር ዳርቻዋን የሚከተለው ጂአር 34 የሚባለው መንገድ ብቻውን 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቀለሙን እንወቅ

ዛፍ፣ ድንጋይ ወይም የመብራት እንጨት ላይ ነጭና ቀይ መስመር ካያችሁ ጂአር የሚባለው ረጅም መንገድ ላይ ናችሁ። ቢጫና ቀይ ከሆነ አንድን አካባቢ የሚዞር የጥቂት ቀን መንገድ ነው። ቢጫ ብቻ ከሆነ የቀን ጉዞ ነው፤ ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት መኪናችሁ ጋ ትመለሳላችሁ። ቀለሙ በኤክስ ቅርጽ ከተቀባ "በዚህ አይደለም" ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚቀቡት በአብዛኛው የአገሪቱ የእግር ጉዞ ፌዴሬሽን በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራቸው ንጹሕ ነው። ስልክ ቢሞት እንኳ ቀለሙን ተከትሎ መድረስ ይቻላል። ቢሆንም 1 ለ25,000 የሆነውን የአገሪቱን የካርታ ድርጅት ካርታ በወረቀት ወይም በአፕ መያዝ አይከፋም።

ከሌ ፑይ እስከ ኮንክ፦ የተሳላሚዎቹ መንገድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መንገድ ለሚሞክር ሰው ደጋግሜ የምመክረው ይህንን ነው። ጂአር 65 ይባላል። ሌ ፑይ አን ቬሌ ከምትባል ከተማ ተነስቶ እስከ ስፔን ድንበር ይዘልቃል። ከዚያም ተሳላሚው የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው የስፔን ከተማ፣ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ይቀጥላል። የሌ ፑይ ጳጳስ የነበሩት ጎደስካልክ በ950 ገደማ ወደዚያ ተሳልመው ነበር፤ ከስፔን ውጭ ተነስተው ከሄዱት ስማቸው ከሚታወቅ የመጀመሪያዎቹ ተሳላሚዎች አንዱ ናቸው። ሙሉውን መንገድ መሄድ ግን ግድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሄደው እስከ ኮንክ ያለውን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረጋ ብሎ አሥር ቀን ይፈጃል።

ከተማዋ ራሷ አንድ ሙሉ ቀን ይገባታል። በጥንት እሳተ ገሞራ ቋጥኞች መካከል ተቆርቁራለች። አንዱ ቋጥኝ ቀጥ ብሎ እንደ ጣት የቆመ ነው። አናቱ ላይ በ10ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት አለ። ደብረ ዳሞን የሚያውቅ ሰው ገመዱን ይፈልግ ይሆናል፤ እዚህ ግን 268 ደረጃ ነው የተጠረበለት። ሌላኛው ቋጥኝ ላይ በ1860 የቆመ የእመቤታችን ሐውልት አለ። የተሠራው በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ሴባስቶፖል ላይ ከሩሲያ ከተማረኩ መድፎች ነው። የእኛ ሰው ሴባስቶፖል ሲባል ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ ነው ትዝ የሚለው፤ የሁለቱም ወሬ መነሻ ያው አንድ ጦርነት ነው። እነሱ መድፍ አቅልጠው ሐውልት አቆሙ፣ ቴዎድሮስ ደግሞ አስቀልጠው መድፍ አሠሩ።

በካቴድራሉ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለተጓዦች ቅዳሴ አለ። ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል መካከል ያለው በር ይከፈትና ተጓዡ በደረጃ ወርዶ በቀጥታ ወደ ከተማው ይወጣል። ሃይማኖተኛ ባትሆኑም ብታዩት ደስ ይላል።

የመንገዱ ልብ ኦብራክ የሚባለው አምባ ነው። ዛፍ የሌለበት ሰፊ ግጦሽ፣ የድንጋይ ካብ፣ ዓይናቸው የተኳለ የሚመስል ቡናማ ላሞች። በሜይ ማብቂያ አካባቢ ከብቶቹ በአበባና በባንዲራ አጊጠው ወደ አምባው ይወጣሉ፤ በዓል ነው። ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም። ጉዳዩ አየሩ ነው። ጭጋግ በድንገት ይወርዳል፣ እስከ አፕሪል ድረስም በረዶ ሊኖር ይችላል። በ12ኛው መቶ ዘመን እዚህ ለተጓዦች ማረፊያና ሆስፒታል የተሠራው ለዚህ ነው። ጭጋግ ሲወርድ መንገድ የጠፋባቸው እንዲሰሙ ደወል ይደወል ነበር። ከናስቢናል እስከ ሴን ሼሊ ዶብራክ ያለው የ17 ኪሎ ሜትር ቁራጭ በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ነው። ጊዜያችሁ ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ከኦሞን ኦብራክ ተነስታችሁ ይህንን ብቻ ሂዱ።

መጨረሻው ኮንክ ነው። ገደል ላይ የተለጠፈች ትንሽ መንደር ናት፤ መካከሏ ላይ ግን ለመንደሯ የማይመጥን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተደንቅሯል። ምክንያቱ ስርቆት ነው። ቅድስት ፎይ በአዠን ከተማ የተሰዋች ልጅ ነበረች። በ9ኛው መቶ ዘመን የኮንክ ገዳም መነኩሴ አዠን ሄዶ፣ እዚያው ለዓመታት ኖሮ፣ እምነት ካተረፈ በኋላ አፅሟን ይዞ ጠፋ ይባላል። ከዚያ በኋላ ተሳላሚው ወደ ኮንክ ጎረፈ፣ ገንዘቡም አብሮ መጣ። በወርቅና በከበረ ድንጋይ የተለበጠው ምስሏ ዛሬም ግምጃ ቤቱ ውስጥ ይታያል። ከዋናው በር በላይ የመጨረሻው ፍርድ በድንጋይ ተቀርጿል፤ ከመቶ በላይ ምስል አለው። ገነት ያሉት በሥርዓት ተሰልፈው ዝም ብለዋል። ሲኦል ውስጥ ግን ግርግር ነው፤ ጳጳስም ንጉሥም አሉበት። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ለማየት የሚመቸው ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቶቹን በ1994 የሠራው ሠዓሊ ፒየር ሱላዥ ነው፤ ቀለም አልባ መስታወት ነው የመረጠው። ሰዉ መጀመሪያ አልወደደለትም ነበር። እኔ ከባለ ቀለሙ አስበልጠዋለሁ።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች። ማደሪያውን በተመለከተ ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም። በየመንደሩ ዢት የሚባል የተጓዥ ማረፊያ አለ። የጋራ መኝታ፣ እራትና ቁርስ አንድ ላይ 50 ዩሮ አካባቢ መያዝ ነው፤ እንደ ቦታው ከፍ ዝቅ ይላል። ትልቁን ሻንጣ ከዢት ዢት በመኪና የሚያደርሱ ድርጅቶች ስላሉ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ለሴት፣ ሁልጊዜ ከፊትም ከኋላም ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። መመለሻው ላይ ግን ይደክማል። ኮንክ ባቡር የለውም። ወይ ሻንጣ አጓጓዦቹ ወደ ሌ ፑይ በሚመልሱበት ሚኒባስ ቦታ ትይዛላችሁ፣ ወይ ሁለት ቀን ጨምራችሁ እስከ ፊዣክ ትሄዳላችሁ። ፊዣክ ባቡር አለ። ሁለቱን ቀን የምትችሉ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

ጉድለቱ ሕዝቡ ነው። ሜይና ሴፕቴምበር ላይ ዢቶቹ ይሞላሉ። ሜይ ውስጥ በዓላት ስለሚደራረቡ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ይወጣሉ። ጸጥታ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

የስቲቨንሰን መንገድ፦ ከአህያ ጋር

ይህም ከሌ ፑይ ይነሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው እዚያው ከተማ ደርሶ በሁለቱ መካከል ይዋልላል። ጂአር 70 ነው፤ እስከ አሌ ከተማ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነው። በ1878 ሞዴስቲን ከምትባል አህያ ጋር የሴቬንን ተራሮች አቋርጧል። አህያዋ በጣም አስመርራው ነበር፤ ሲለያዩ ግን አለቀሰ። ዛሬ መንገዱ ላይ አህያ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ጓዝ የምትሸከመው እሷ ናት። ከልጆች ጋር ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ነገር ወርቅ ነው። ሃያ ሜትር ሄዶ "ደከመኝ" የሚል ልጅ አህያ ጎትት ሲባል ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። አህያ ከፈረንጆቹ ይልቅ እኛ የምናውቃት እንስሳ ናት ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የሚያከራዩት ሰዎች ጠዋት አጫጫኑን በደንብ ያሳያሉ፤ ተከታተሉ።

ታሪኩ ከጂአር 65 ይለያል። ሰሜኑ ካቶሊክ ነው፤ ተራራውን ስትሻገሩ የፕሮቴስታንቶች አገር ይጀምራል። ሉዊ 14ኛ በ1685 የፕሮቴስታንቶችን ነጻነት ከሻረ በኋላ እዚህ ያሉ ገበሬዎች በድብቅ በየጫካው ያመልኩ ነበር። በጁላይ 1702 ለ ፖን ደ ሞንቬር በምትባለው መንደር ፕሮቴስታንቶችን ያሳድድ የነበረው ቄስ ዱ ሼላ ተገደለ። ካሚዛር የሚባለው አመፅ የፈነዳው በዚያ ነው። ገበሬና የበግ ጠጉር ሠራተኛ የንጉሡን ጦር ለሁለት ዓመት ያህል አስቸገረ። መንደሯ ዛሬ ጸጥ ያለች ናት። ወንዝ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ቡና ቤት፣ አለቀ። እንደ ኮንክ ያለ የሚታይ ትልቅ ሕንፃ አትጠብቁ። ታሪኩ ያለው መሬቱ ላይ ነው፤ አንብባችሁ ካልሄዳችሁ ያመልጣችኋል።

ከፍታው ይበልጣል። ሞን ሎዜር 1,699 ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል። መመለሻው ግን ከጂአር 65 ይሻላል። አሌ ባቡር አላት፤ መሃል መንገድ ላይም ላንጎኝና ላ ባስቲድ ጣቢያ አላቸው። ደክሟችሁ ብታቋርጡ መውጫ አለ ማለት ነው። ዢቱ ከጂአር 65 ይሳሳል፤ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። መከር ላይ ከመጣችሁ የዝናቡን ትንበያ ተከታተሉ። በሴቬን ተራሮች በሰዓታት ውስጥ የወር ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ደረቅ የነበረ ወንዝ ድንገት ይሞላል። ቀይ ማስጠንቀቂያ የወጣ ቀን አትንቀሳቀሱ።

የካታር ግንቦች፦ ለጉልበተኛ

ይህ መንገድ ለሁሉም ሰው አይደለም። ከሜዲትራኒያን ዳር ከፖር ላ ኑቬል ተነስቶ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ አድርጎ ፎ የምትባለው ከተማ ይደርሳል። 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ይወስዳል። ሁለቱም ጫፎች ላይ ባቡር አለ። መሃሉ ላይ ግን ከገቡ መውጫ የለም።

ለምን ይሄዱበታል? ለግንቦቹ። ኬሪቡስ፣ ፔይርፔርቱዝ፣ ፒዩሎራን። እያንዳንዱ ቀጥ ያለ ገደል አናት ላይ ተቀምጧል፤ ድንጋዩና ግንቡ የት እንደሚለያዩ ከሩቅ አይታወቅም። ካታሮች በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ይህን ዓለም የፈጠረው ክፉ ኃይል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሮም መናፍቃን አለቻቸው። በ1208 የሮሙ ጳጳስ የመስቀል ጦርነት አወጁባቸው፤ ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ ዘመተ። ሞንሴጉር የምትባለው ምሽጋቸው ከረጅም ከበባ በኋላ በማርች 1244 ወደቀች። እምነታችንን አንክድም ያሉ ከ200 በላይ ሰዎች ከተራራው ግርጌ በአንድ ቀን ተቃጠሉ። ቦታው ላይ ትንሽ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ከዚያ 1,207 ሜትር ላይ ወዳለው ፍርስራሽ ዳገቱን ትወጣላችሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ይደበቃል። ዛሬ የምታዩት ግንብ በአብዛኛው የካታሮቹ አይደለም። ካሸነፉ በኋላ የፈረንሳይ ነገሥታት በስፔን በኩል ከነበረው ከአራጎን መንግሥት ጋር ለነበራቸው ድንበር መጠበቂያ የሠሩት ነው። በ1659 ድንበሩ ወደ ደቡብ ሲገፋ ግንቦቹ ሥራ ፈቱ። ይህ ውበታቸውን አይቀንሰውም። የቱሪስት ሱቁ የሚነግራችሁን ሁሉ ግን አትመኑ።

በጁላይና በኦገስት አትሂዱ። ጥላ የለም፣ ውኃ ጥቂት ነው፣ የእሳት አደጋ ሲያይል መንገዶች ይዘጋሉ። በኦገስት 2025 በዚሁ በኮርቢዬር አካባቢ የተነሳው እሳት ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ አዳርሷል። ነፋሱም ቀልድ አይደለም፤ ኬሪቡስ ደረጃ ላይ ኮፍያ አይቆይም። ነጎድጓድ ካለ ግንቦቹ ይዘጋሉ። ኤፕሪል፣ ሜይና ኦክቶበር ይሻላሉ። መኪና ካላችሁ ግን ሙሉውን መንገድ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ኩኩኛን ወይም ዱዪያክ መንደር አርፋችሁ ኬሪቡስንና ፔይርፔርቱዝን በሁለት ቀን ማየት ትችላላችሁ። እውነቱን ለመናገር ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

የዋሻ አገር፦ ቬዜር ወይስ ሴሌ?

ወላጆቻችሁን ወይም ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እስካሁን ያነበባችሁትን እርሱት። ዶርዶኝ ውስጥ ያለው የቬዜር ሸለቆ ለእናንተ ነው። አንድ ቤት ለሳምንት ተከራይታችሁ፣ በየቀኑ ቢጫውን ምልክት ተከትላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት መሄድ ነው። መሬቱ ለስላሳ ነው፤ ወንዝ፣ የዋልነት ዛፍ፣ ማር የመሰለ ቢጫ ድንጋይ።

ሞንቲኛክ አጠገብ ያለውን የላስኮ ዋሻ በሴፕቴምበር 1940 አራት ወጣቶች አገኙት። ሥዕሎቹ ወደ 20 ሺህ ዓመት ገደማ ይገመታሉ። ከሉሲ አገር ለመጣ ሰው ትናንት ነው፤ ግን ኮርማዎቹን ሲያዩ አፍ ያስይዛሉ። ችግሩ የምታዩት ቅጂውን መሆኑ ነው። ዋናው የሰው ትንፋሽ ስላበላሸው በ1963 ተዘግቷል። በ2016 የተከፈተው ላስኮ 4 ትክክለኛ ቅጂው ነው። ለልጆች በቂ ነው፣ እንዲያውም ከዋናው ይልቅ ይመቻል። ዋናውን ሥዕል ካላየሁ የምትሉ ሌዜዚ መንደር ፎን ደ ጎም አለ። በቀን የሚገባው ሰው ጥቂት ስለሆነ ቲኬቱን ብዙ ሳምንት ቀድሞ መግዛት ነው። ወደ ዶርዶኝ ወንዝ ዝቅ ስትሉ ቤናክና ካስቴልኖ የተባሉት ግንቦች ወንዙን ተሻግረው ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመቶ ዓመቱ ጦርነት ፈረንሳይና እንግሊዝ የተፋጠጡበት ቦታ ነው። ከካስቴልኖ በእግር የሚደረስ ሌ ሚላንድ የተባለ ቤት አለ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጆሴፊን ቤከር ከየዓለሙ ክፍል ከወሰደቻቸው የማደጎ ልጆቿ ጋር የኖረችበት ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ መኪና ማቆሚያው ጣጣ ነው፤ ጁን አጋማሽ ላይ ግን ልክ ነው።

እኔ የማዳላው ግን ለሴሌ ሸለቆ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። ጂአር 651 ይባላል፤ ከፊዣክ በኋላ ከጂአር 65 ተገንጥሎ የሴሌን ወንዝ ይከተላል። ሕዝቡ በዋናው መንገድ ሲሄድ እናንተ ወደ ቀኝ ታጠፋላችሁ፤ ያን ጊዜ ጸጥ ይላል። መነሻው ፊዣክ ባቡር አለው። የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ የፈታው ሻምፖሊዮን በ1790 የተወለደው እዚያ ነው፤ ቤቱ ዛሬ የዓለም ጽሑፎች ሙዚየም ሆኗል። አንድ ግቢ መሬት ላይ የሮዜታ ድንጋይ ግዙፍ ቅጂ ተነጥፏል፤ ሰው ይራመድበታል። ከዚያ ገደል ሥር የተሸጎጡ መንደሮችን እያለፋችሁ ካብሬሬ ትደርሳላችሁ። እዚያ ፔሽ ሜርል አለ። በ1922 የተገኘ ዋሻ ነው፤ ዋናው ሥዕል እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ባለ ነጠብጣብ ፈረሶቹ ወደ 29 ሺህ ዓመት ይገመታሉ። በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ቲኬት ቀድሞ መያዝ እዚህም ግድ ነው። ቡዚዬስ ላይ ጀልባ በገመድ ለመጎተት ከቋጥኝ የተፈለፈለ መንገድ አለ። እሱን ተከትላችሁ ገደል ላይ ወደተሠራችው ሴን ሲር ላፖፒ ትወጣላችሁ። እዚያ ሕዝቡ ይመለሳል፤ ጠዋት ቀድማችሁ ግቡ። ከዚያ ሁለት ቀን ጨምራችሁ ካኦር ስትደርሱ የ14ኛው መቶ ዘመን ባለ ሦስት ማማ ድልድይና የባቡር ጣቢያ ይጠብቃችኋል።

አንድ ሳምንት፣ ባቡር በሁለቱም ጫፍ፣ እውነተኛ ዋሻ፣ መካከለኛ ዳገት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከተመዘነ ያሸነፈው ይህ ነው። ከሌ ፑይ የሚያንሰው ዢቱ ጥቂት መሆኑና የሻንጣ አጓጓዡ ምርጫ መጥበቡ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ላለው፦ አባዲያ

በስፔን ድንበር ላይ፣ አትላንቲክ ዳር፣ ኦንዳይ የምትባል ከተማ አለች። የባሕር ዳርቻው የእግር መንገድ ከቢዳር እስከ እሷ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ገደሉ፣ ሣሩ፣ ማዕበሉ ጥሩ ነው። የእኛ ሰው የሚሄድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። መንገዱ መጨረሻ ላይ በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየው አንቷን ዳባዲ ያሠራው ግንብ አለ። አገሩን በዘዴ ለክቶ ካርታ የሠራ፣ ብዙ የብራና መጻሕፍት የሰበሰበ ሰው ነው። ብራናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ እንዴት እንደተሰበሰቡ የሚነሳው ጥያቄ አሁንም አለ። ግንቡ ውስጥ ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተስሏል፣ የአማርኛ ጽሑፍም አለ። የምግብ ቤቱ ወንበሮች ላይ በየመደገፊያው አንዳንድ የአማርኛ ፊደል ተጽፏል። ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ በዚህ ገበታ ዙሪያ ከሃዲ አይኑር የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። አስጎብኚው ለፈረንጆቹ ሲያብራራ እናንተ ቀድማችሁ አንብባችሁ ትስቃላችሁ። ኦንዳይ ቀጥታ ባቡር ከፓሪስ አላት። የሌሎቹ መንገዶች ተፎካካሪ አይደለችም፤ ቢያሪትዝ ወይም ሳን ሴባስቲያን ከደረሳችሁ ግን አትለፏት።

ከመነሳታችሁ በፊት

ጾመኛ ከሆናችሁ ዢት ስትይዙ ያኔውኑ ተናገሩ። እራቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ አይብና እንቁላል ይመጣል፤ "ቬጋን" በሉ። የኦብራክ ታዋቂ ምግብ አሊጎ ድንች ነው ብላችሁ አትሳቱ፤ ብዙ አይብ አለበት። የሌ ፑይ አረንጓዴ ምስር ለጾም የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቅሉታል፣ ጠይቁ። ፍልሰታን በመንገድ ለምታሳልፉ ከሱቅ ምስርና ዳቦ ገዝቶ የዢቱ ማዕድ ቤት ማብሰል ቀላሉ ነው። ሱቅ ደግሞ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ይዘጋል፤ በሌላውም ቀን ቢሆን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ይቆለፋል። ቅዳሜ ሸምቱ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል ዢት አለ።

ውኃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መቃብር ፈልጉ፤ አብዛኛው ቧንቧ አለው። "ኖን ፖታብል" የሚል ካለ ግን አይጠጣም።

የመጨረሻው ስለ ውሻ ነው። በፒሬኔና በሎዜር በጎች የሚጠብቁ ፓቱ የሚባሉ ትልልቅ ነጭ ውሾች አሉ። እየጮኹ ይመጣሉ። አገር ቤት የለመድነው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሳት ነው፤ እዚህ እሱ ነገሩን ያብሰዋል። ዱላም አታንሱ፣ አትሩጡም። ቁሙ፣ በለሰለሰ ድምፅ አናግሩት፣ ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩት። ካሸተተና ከተረጋጋ በኋላ መንጋውን በሰፊው ዞራችሁ እለፉ። አንድ ሰው ከተጎዳ 112 ደውሉ፤ የቆማችሁበትን የመንገድ ቁጥርና የመጨረሻውን መንደር ስም ንገሯቸው።